ፓምፑ ያንሣ፣ ከፍታው ያከፋፍል፦ የአራት ዓሣ ገንዳዎች የውሃ ዝውውር የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፤ ዕቅዱ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ባለው መኖሪያ ቤታችን፣ ቀድሞ ዕቃ ማስቀመጫ በነበረች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ የጣና ዓሦችን በአራት የመስታወት ገንዳዎች ለማኖር የሚያስችል የውሃ ዝውውር እየሠራሁ ነው። ዓላማዬ አንድ ውሃ አራቱንም ገንዳዎች እንዲያዳርስ፣ በአንድ ማጣሪያ እንዲጠራና በአንድ ፓምፕ እንዲነሣ ማድረግ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ገንዳ ግን ለሚይዘው ዓሣ የሚስማማውን ያህል ፍሰት ብቻ እንዲያገኝ እፈልጋለሁ። ተመሳሳይ ነገር ለመሥራት የሚያስብ ሰው ልኬቶቹን ለራሱ ቤት እያስተካከለ እንዲጠቀምባቸው በማሰብ፣ ሥራው በሄደበት ቅደም ተከተል ማስታወሻ መያዝ ጀምሬአለሁ።

ገንዳዎቹን የለየኋቸው በዓሦቹ ጠባይ ነው። አንደኛው ለቀረሶ ጫጩት ነው፤ ቀረሶ በሐይቁ ዳርቻ ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ የሚያድግ ስለሆነ ለዘብ ያለ ፍሰት ይበቃዋል። ሁለተኛው ለአምባዛ ነው፤ አምባዛ ከስንጥቡ በተጨማሪ አየር በቀጥታ የሚተነፍስበት አካል ስላለው ኦክስጅን ባነሰበት ውሃ ውስጥ እንኳ ይኖራል፤ ረጋ ያለ ውሃና ጨለም ያለ መጠለያም ይስማማዋል። ሦስተኛው ለነጭ ዓሣ ነው። የጣና ነጭ ዓሦች 15 ያህል ዝርያዎች ሲሆኑ አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ አይገኙም፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሐይቁን ከታችኛው ዓባይ ስለለየው እዚሁ ለብቻቸው ተለያይተው የበዙ ናቸው። ከእነርሱም በርከት ያሉት በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ባለበት ወራጅ ውሃ ላይ እንቁላላቸውን ስለሚጥሉ፣ ጫጩቶቻቸው ኦክስጅን የበዛበት የሚንቀሳቀስ ውሃ ይሻሉ። አራተኛው ገንዳ ከአገጫቸው ሥር ባለች መጣበቂያ ድንጋይ ላይ እየተለጠፉ በጅረትና በድንጋያማ ዳርቻ ለሚኖሩ፣ በሳይንስ ስማቸው ጋራ ለሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ነው፤ ከሁሉም የበለጠ ፍሰት የሚያስፈልገው ይህ ስለሆነ በማስታወሻው ሁሉ የወራጅ ገንዳ ብዬ እጠራዋለሁ።

በዚህ መሠረት ለወራጅ ገንዳው በሰዓት 600 ሊትር፣ ለነጭ ዓሣው 500፣ ለቀረሶው 350፣ ለአምባዛው 200 ሊትር መድቤአለሁ። ድምሩ 1,650 ሊትር በሰዓት ነው።

ፍሰቱን በዚህ መጠን የለጠጥሁበት ተጨማሪ ምክንያት የከተማችን ከፍታ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስተኛ እጅ ያህል ያነሰ ነው፤ ውሃ ከአየር የሚቀበለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ በአንድ ሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ እዚህ ግን ከ6.6 ሚሊ ግራም ብዙም አያልፍም። ስለዚህ በሌላ አገር ለቆላማ ከተማ የተጻፈ መመሪያ የሚሰጠውን የፍሰት መጠን እንዳለ መገልበጥ ለእኛ አይበቃም፤ ውሃው በሚወድቅበትና በሚረጭበት ቦታ ሁሉ አየር እንዲቀላቀልበት ማድረግ የንድፉ ዋና ክፍል መሆን አለበት።

ቧንቧውን በምን መንገድ ላዘርጋ የሚለውን ለመወሰን ብዙ አሰብሁበት። ውሃውን ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው በተራ ማሳለፍ ቧንቧ ይቆጥባል፤ ሆኖም የመጨረሻው ገንዳ የሦስቱን እድፍ ይቀበላል፣ አራቱም አንድ ዓይነት ፍሰት ይደርሳቸዋል፣ አንዱ መውጫ ሲደፈንም የሁሉም ውሃ ይቋረጣል። ይህን ወዲያው ተውሁት። ከፓምፑ በቀጥታ አራት ቅርንጫፍ አውጥቶ በቫልቭ ማከፋፈል የተሻለ ነው፤ ነገር ግን አንዱን ገንዳ ለማጽዳት ቫልቩን ስንዘጋ የዚያ ድርሻ ወደ ሦስቱ ይገፋል፤ የፓምፑ አፍ በቆሻሻ ሲጠብም የአራቱም ፍሰት ማንም ሳያውቀው በአንድነት ይቀንሳል።

የመረጥሁት ሦስተኛውን መንገድ ነው። ፓምፑ ውሃውን ከታችኛው ማጠራቀሚያ አንሥቶ ጣሪያው ሥር በተሰቀለ አነስተኛ ገንዳ ውስጥ ብቻ ይጨምራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍፍል ሁሉ፣ በጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ለቤቱ ቧንቧዎች እንደሚያደርገው፣ በከፍታ ልዩነት ይሆናል። ፓምፑ ከሚያስፈልገው ጥቂት አብልጦ ስለሚያነሣ ትርፉ በላይኛው ገንዳ አናት ባለ መውጫ ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል፤ በዚህም የላይኛው ገንዳ ከፍታ ዘወትር አንድ ሆኖ ይቆያል። ከፍታው ካልተለወጠ በየቅርንጫፉ የሚወርደው ውሃም አይለወጥም።

ጥቅምት ማለቂያ፤ ማቆሚያውና ከፍታዎቹ

አራቱ ገንዳዎች እያንዳንዳቸው 90 በ40 በ45 ሳንቲ ሜትር ሆነው ከ8 ሚሊ ሜትር መስታወት ተሠርተዋል፤ ውሃው 38 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲቆም አንዱ 130 ሊትር ያህል ይይዛል። መስታወቱ፣ ድንጋዩና አሸዋው ሲጨመሩ የአንዱ ክብደት 180 ኪሎ ግራም ስለሚደርስ፣ አጠቃላዩ ጭነት ከ900 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ማቆሚያውን የሚበይድልኝ ባለሙያ ከአራት ማዕዘን ብረት ሠርቶልኛል፤ ክፍሏ መሬት ላይ ያለች፣ ወለሏም በሲሚንቶ የተሞላ ስለሆነ ጭነቱ አያሳስብም። እግሮቹን በውሃ ልክ አስተካክለን ከእያንዳንዱ ገንዳ ሥር ጠፍጣፋ ስፖንጅ ዘረጋን። በዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም፤ ገንዳው በሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ ቢያዘነብል መስታወቱ በአንድ ማዕዘን ላይ ይጨነቃል።

ከወለሉ ተነሥተን ስንለካ ከፍታዎቹ እንዲህ ናቸው። 100 በ50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነው ታችኛው ማጠራቀሚያ ከወለል በ10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሏል። ከእርሱ በላይ ባለው ደርብ የወራጁና የነጭ ዓሣው ገንዳዎች ተቀምጠዋል፤ የውሃቸው ገጽ 1.13 ሜትር ላይ ነው። በላይኛው ደርብ የቀረሶውና የአምባዛው ገንዳዎች ሲኖሩ የውሃቸው ገጽ 1.83 ሜትር ላይ ነው። የላይኛው ማከፋፈያ ገንዳ የውሃ ገጽ ደግሞ 2.29 ሜትር ላይ ይቆማል።

ብዙ ፍሰት የሚሹትን ገንዳዎች ወደ ታች ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። የማከፋፈያው ገጽ ከላይኞቹ ገንዳዎች በ45 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲበልጥ ከታችኞቹ ግን በ1.15 ሜትር ይበልጣል። በአንድ ዓይነት ቀዳዳ የሚወርድ ውሃ ፍጥነቱ ከከፍታው ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ፣ በተመሳሳይ የቫልቭ አከፋፈት ታችኞቹ ከላይኞቹ 1.6 እጥፍ ያህል ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ጠንካራው ውሃ የሚሄደው ጠንካራ ውሃ ወደሚወዱት ዓሦች ነው።

ኅዳር፤ ቀዳዳዎቹ፣ ቧንቧዎቹ፣ ቫልቮቹ

መስታወቱን ያስበሳሁት በመስታወት ቤት ነው። የአልማዝ ጥርስ ያለው ክብ መብሻ በቀስታ እየዞረ፣ ያለማቋረጥ ውሃ እየፈሰሰበት ይበሳል፤ በሙቀት የጠነከረ መስታወት ግን ሲነካ እንዳለ ስለሚረግፍ ጨርሶ አይበሳም፤ ስለዚህ ከማዘዝ በፊት የመስታወቱን ዓይነት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ገንዳ ጀርባ ሁለት ቀዳዳ አለ። በመጀመሪያው ላይ 32 ሚሊ ሜትር የሆነ መውጫ ተገጥሞ የውሃውን ከፍታ ይወስናል፤ ሁለተኛው ከእርሱ በ2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ዘወትር ደረቅ ሆኖ ይቆያል፣ የመጀመሪያው በቅጠል ወይም በዓሣ ቢደፈን ውሃው ወለል ላይ ከመፍሰሱ በፊት ይቀበለዋል። ሁለተኛው ቀዳዳ ትርፍ ወጪ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ ያለ እርሱ ከቤት ርቆ ማደር እንደማይቻል ደጋግሜ እነግረዋለሁ።

ስለ መውረጃው ስፋት አጥብቄ ያሰብሁት፣ ፓምፕ ውሃን በግድ ሲገፋ መውረጃ ግን በክብደቱ ብቻ ስለሚያስኬድ ነው። አንድ ኢንች የሆነ ቋሚ ቱቦ አየርና ውሃ ተቀላቅለው ያለ ሥጋት የሚያልፉበት መጠን በሰዓት 1,100 ሊትር ገደማ እንደሆነ በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ይቀበላሉ፤ አንድ ኢንች ተኩሉ ደግሞ ወደ 2,800 ሊትር ይደርሳል። ከገንዳዎቼ ትልቁ ፍሰት 600 ሊትር ስለሆነ 32 ሚሊ ሜትሩ ሰፊ ነው። የየደርቡ ሁለት መውጫዎች በ50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ተገናኝተው፣ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር እያዘቀዘቁ፣ ወደ ታችኛው ማጠራቀሚያ ይወርዳሉ። የማከፋፈያው ትርፍ መመለሻ 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ አራቱም ቫልቮች በአንድ ጊዜ ቢዘጉ የፓምፑን ውሃ በሙሉ ብቻውን መመለስ አለበትና።

ከማከፋፈያው ገንዳ ወርዶ ውሃውን ለአራቱ ቅርንጫፎች የሚያድለውን አከፋፋይ ቧንቧ 40 ሚሊ ሜትር ሳደርገው ሥራውን የሚያግዘኝ የቧንቧ ባለሙያ፣ አንድ ኢንች እንደሚበቃ ነግሮኝ ነበር። «ጋሼ፣ ለቤት ቢሆን እውነትዎን ነው» አልሁት፤ «እዚህ ግን ያለን ግፊት ግማሽ ሜትር አይሞላም።» ቧንቧ ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋው ግፊት ፍሰቱ ሳይለወጥ ስፋቱ ሲጨምር፣ በስፋቱ አምስተኛ ርቢ ገደማ ይቀንሳል፤ ከ25 ወደ 40 ሚሊ ሜትር መሄድ ብክነቱን ወደ አሥረኛ ያህል ያወርደዋል። በከተማ ውሃ መስመር ላይ የማይታወቀው ይህ ልዩነት በ45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ለሚሠራ ዝውውር ዋናው ጉዳይ ነው። ሰፊ አከፋፋይ ሲኖር ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ አይሻሙም። ጋሼም ነገሩን ካሰቡበት በኋላ ከእያንዳንዱ ቫልቭ በላይና በታች ዩኒየን እንድናስገባ አጥብቀው መከሩኝ፤ አንዱ ቢበላሽ መስመሩን ሳንቆርጥ ፈትተን እንድንቀይረው ነው። በዚህ ምክር ከልቤ ተስማምቻለሁ።

ቅርንጫፎቹ 20 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ በየአንዳንዳቸውም ሁለት ቫልቭ አለ። የላይኛው ጌት ቫልቭ ፍሰቱን የሚለካ ሲሆን አንድ ጊዜ ከተስተካከለ በኋላ አይነካም፤ የታችኛው ቦል ቫልቭ ለመዝጋትና ለመክፈት ብቻ ያገለግላል። ገንዳ በሚጸዳበት ቀን ልኬቱን ሳናበላሽ መዝጋት የምንችለው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። በመደብሮቹ በብዛት የሚገኙት የነሐስ ቫልቮችና ጋልቫናይዝድ መገጣጠሚያዎች ሲሆኑ፣ ከነሐስ የሚወጣ መዳብ፣ ከጋልቫናይዝድም የሚወጣ ዚንክ በሚመላለስ ውሃ ውስጥ እየተጠራቀመ ዓሣን ስለሚጎዳ፣ ውሃ የሚነካው ዕቃ ሁሉ ፕላስቲክ እንዲሆን ፈልጌ አሰባስቤአለሁ። የማጣበቂያውን ሙጫም ሆነ ሲሊኮኑን በሚገባ እስኪደርቁ ጠብቀን፣ መስመሩን በንጹሕ ውሃ አጥበነዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጎላ አድርጌ ላስቀምጥ። ከማከፋፈያው የሚወጣው ዋና መስመር ቢዘጋ አራቱ ቅርንጫፎች አሁንም በአከፋፋዩ በኩል እንደተገናኙ ናቸው፤ የላይኛው ገንዳ ቱቦ አፉ ውሃ ውስጥ የጠለቀ ከሆነ፣ በውስጡ የቀረው ውሃ እንደ መምጠጫ ሆኖ የላይኛውን ገንዳ ውሃ ወደ ታችኛው ሊጎትት ይችላል። ይህን የምንከላከልበት መንገድ በአከፋፋዩ ጫፍ ላይ ክፍት የሆነ መተንፈሻ ቱቦ ወደ ላይ አቁሞ ከማከፋፈያው የውሃ ገጽ በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ማድረግ ነው። መስመሩ በተዘጋ ጊዜ አየር በዚያ ይገባና መምጠጡ ይቆማል። ከዚህም ሌላ የላይኞቹ ሁለት ቱቦዎች አፋቸው ከውሃው ገጽ በላይ ነው፤ ውሃው ሲወድቅ አየርም ይዞ ይገባል።

ኅዳር ማለቂያ፤ ማከፋፈሉ

ፓምፑ በካርቶኑ ላይ 4,000 ሊትር በሰዓትና 4 ሜትር ከፍታ የሚል ጽሑፍ አለው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በአንድነት የሚገኙ አይደሉም፤ 4,000 ሊትሩ ከፍታ ሳይኖር የሚሰጠው ነው፣ 4 ሜትር ላይ ደግሞ ምንም ውሃ አያወጣም። ከማጠራቀሚያው ገጽ እስከ ማከፋፈያው አፍ 2 ሜትር ያህል ስለሆነ ግማሹን እጠብቅ ነበር፤ 20 ሊትር ባልዲ በ36 ሰከንድ ሞላ፤ ይህም በሰዓት 2,000 ሊትር ነው። ከ1,650 ሲቀነስ 350 ሊትር ትርፍ ይቀራል፤ ለማከፋፈያው ከፍታ መጽናት የሚበቃ ነው።

የየቅርንጫፉን ፍሰት የለካሁት በ10 ሊትር ባልዲና በስልክ የሰዓት መቁጠሪያ ነው። ወራጁ በ60 ሰከንድ፣ ነጭ ዓሣው በ72፣ ቀረሶው በ103፣ አምባዛው በ180 ሰከንድ ባልዲውን እንዲሞሉ ጌት ቫልቮቹን ቀስ እያልሁ አስተካክዬ፣ የቆሙበትን ቦታ በቀለም ምልክት አደረግሁበት። ቀጥዬም የንድፉን ዋና ጥያቄ ፈተንሁ፦ የነጭ ዓሣውን መስመር ሙሉ በሙሉ ዘግቼ ወራጁን እንደገና ስለካው የታየው ልዩነት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ሆነ፤ የተዘጋው 500 ሊትርም በማከፋፈያው ትርፍ መመለሻ በኩል በግልጽ ሲወርድ ይታይ ነበር። ይህን ባየሁ ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ትልቅ ነው፤ ፓምፑ በቀጥታ ቢያከፋፍል ኖሮ ያ ውሃ ሌሎቹን ገንዳዎች ያውክ ነበር።

ታኅሣሥ፤ መብራት ሲጠፋ

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት ነው። መብራት በማንኛውም ሰዓት ሊጠፋና ሊመጣ ስለሚችል፣ ዝውውሩ ማንም ሳይነካው ቆሞ ማንም ሳይነካው መነሣት አለበት። ፓምፑ ሲቆም የአራቱ ገንዳዎች ውሃ እስከ መውጫቸው ከንፈር 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ 22 ሊትር ገደማ ነው። ከማከፋፈያው 42 ሊትር፣ ከቧንቧዎቹም 3 ሊትር ያህል ይጨመራል። ድምሩ 67 ሊትር ሲሆን፣ ማጠራቀሚያው በአንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 5 ሊትር ስለሚይዝ ገጹ በ13 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት።

ዓሣ ከመግባቱ በፊት መሰኪያውን ነቅዬ አየሁት። የውሃው ገጽ ከ25 ሳንቲ ሜትር ተነሥቶ 40 ላይ ቆመ፤ ከስሌቱ በ2 ሳንቲ ሜትር ያህል የበለጠው የማጣሪያው ድንጋይ በማጠራቀሚያው ውስጥ ቦታ ስለሚይዝ ነው። እስከ አፉ 10 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። በመስታወቱ ላይ ሁለት መስመር አስምሬአለሁ፤ አንደኛው ፓምፑ ሲሠራ ውሃው ሊያልፈው የማይገባ፣ ሁለተኛው መብራት ሲጠፋ የሚደርስበት ነው። ከቤተሰቡ ውሃ የሚጨምር ማንም ሰው ቢሆን የመጀመሪያውን መስመር እንዳያልፍ ነግሬአለሁ። የገንዳዎቹ ከፍታ በመውጫቸው የተወሰነ ስለሆነ፣ በትነት የሚጎድለው ውሃ ሁሉ የሚታየው በማጠራቀሚያው ላይ ብቻ ነው፤ ይህም ለጠባቂው ሥራን ያቀልላል።

ማከፋፈያው መብራት በሌለ ጊዜ መጠባበቂያ ይሆናል የሚል ተስፋ ማሳደር አይገባም። በውስጡ ያለው ውሃ ከሁለት ደቂቃ ብዙም ሳያልፍ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ቀድመው የሚጨነቁት የወራጁና የነጭ ዓሣው ገንዳዎች ስለሆኑ፣ በሁለቱ ላይ በባትሪ የምትሠራ አነስተኛ የአየር መንፊያ መብራት እንደጠፋ በራሷ እንድትነሣ አድርጌ አስገብቻለሁ። በፓምፑ መስመር ላይ የማይመለስ ቫልቭ አላስገባሁም፤ የቱቦው አፍ ከማከፋፈያው የውሃ ገጽ በላይ ስለሆነ ወደ ኋላ የሚመጠጥ ውሃ የለም፤ እንዲህ ያለው ቫልቭ ደግሞ ጥቂት ቆሻሻ ሲይዝ ሳይዘጋ ይቀራል። ፓምፑ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነ መብራት ሲመለስ አየር ሳይዝ ወዲያው ይነሣል። የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ሁሉ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብለው ታጥፈው እንደገና ይወጣሉ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ እዚያው ይንጠባጠባል። የኤሌክትሪክ መፍሰስ ሲኖር የሚቆርጥ ማቋረጫም ተገጥሟል።

ታኅሣሥ ማለቂያ፤ ቀይ አሽና ውሃው

ለማጣሪያው የመረጥሁት በአካባቢያችን ለመንገድና ለብሎኬት የሚውለውን ቀይ አሽ ነው። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከዓሣ ኩስ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ለሚለውጡት ባክቴሪያዎች ሰፊ መኖሪያ ይሰጣሉ። የጥፍር መጠን ያላቸውን ለይቼ ውሃው እስኪጠራ ድረስ አጥቤ በፕላስቲክ ሳጥን ሞላሁት። ውሃው መጀመሪያ በስፖንጅ፣ ከዚያ በቀይ አሹ ውስጥ ከሥር ወደ ላይ ያልፋል፤ በመጨረሻም ወደ ፓምፑ ክፍል ይሻገራል።

የምጠቀመው ከቧንቧ የሚወርደውን ውሃ እንጂ የሐይቁን ውሃ አይደለም። የሐይቁ ውሃ ከደለሉ ጋር የዓሣ ጥገኛ ተሕዋስያንንና የእምቦጭ ዘርን ሊያመጣ ይችላል፤ የእምቦጭ ዘር በደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የቧንቧውን ውሃ ግን በክሎሪን የታከመ በመሆኑ በበርሜል ቀድቼ፣ አየር እየነፋሁበት ካሳደርሁ በኋላ እጨምረዋለሁ፤ ክሎሪን ዓሣውን ብቻ ሳይሆን የማጣሪያውን ባክቴሪያም ይገድላልና። ከገንዳው የሚወጣው አሮጌ ውሃ ለጓሯችን ጌሾና ማንጎ ይውላል።

ባክቴሪያው እስኪበዛ ድረስ ሳምንታት መጠበቅ ግድ ነው። በዚህ ጊዜ ጥቂት ቀረሶ ብቻ አስገብቼ ምግባቸውን አሳንሼ እየሰጠሁ፣ አሞኒያውንና ናይትራይቱን በመመርመሪያ ጠብታ እከታተላለሁ።

ጥር፤ ድምፁና ብርዱ

የላይኛው ደርብ መውረጃ ሌሊት የሚያንጎራጉር ድምፅ ያሰማ ነበር። ምክንያቱ ውሃው አየር እየጎተተ ሲወርድ ቧንቧው አንድ ጊዜ ይሞላና ወዲያው ይለቅ ስለነበር ነው። በመውጫው አናት ላይ ቲ መገጣጠሚያ አስገብቼ ወደ ላይ የሚያየውን አፉን በክዳን ዘጋሁና በክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በሳሁበት። ቀዳዳውን በትንሽ በትንሹ ሳሰፋው አየሩ በተረጋጋ መጠን መግባት ጀመረና ድምፁ ጠፋ። ቀዳዳው ከመጠን በላይ ከጠበበ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ እየተመጠጠ የገንዳው ገጽ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከሰፋ ደግሞ የፏፏቴ ድምፅ ይሆናል፤ ትክክለኛው ልክ የሚገኘው በማዳመጥ ነው።

የጥር ሌሊት በባሕር ዳር ይቀዘቅዛል፤ ቀረሶም ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል። ውሃው አንድ በመሆኑ ለአራቱም ገንዳዎች አንድ 300 ዋት ማሞቂያ በማጠራቀሚያው ውስጥ በቂ ነው። በጠቅላላው 700 ሊትር ያህል ውሃ አለን፤ ይህን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 0.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚያስፈልግ፣ ማሞቂያው ለአንድ ዲግሪ ሦስት ሰዓት ያህል ይሠራል። የውሃው ብዛት ቀን የያዘውን ሙቀት ቶሎ ስለማይለቅ ሌሊት የሚታየው ለውጥ አነስተኛ ነው።

አንድ ውሃ መጋራት የሚያስከትለው አደጋ አንዱ ሲታመም ሁሉም መጋለጣቸው ነው። ስለዚህ አዲስ የሚመጣ ዓሣ ሁሉ ከዝውውሩ ጋር ጨርሶ በማይገናኝ የተለየ ገንዳ ለሳምንታት ይቆያል፤ ባልዲውም መረቡም የራሱ ነው። ነጭ ዓሣዎቹንና የወራጅ ገንዳ ዓሦቹን ከዚህ ማቆያ ያስገባሁት በዚህ ወር ነው፤ ሁሉም የመጡት የክረምቱ የመራቢያ ወቅት ካለፈ በኋላ ከዳርቻ ከሚያጠምድ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ቁጥራቸውም ጥቂት ነው። ለወራጁ ገንዳ የቱቦውን አፍ ከገጹ በታች አድርጌ በረጅሙ ጎን እንዲገፋ አዙሬዋለሁ። ዓሦቹ ከቱቦው ፊት ባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ተሰልፈው ተለጥፈዋል፤ ከሌላው ጫፍ ይልቅ ይህን ቦታ መምረጣቸው 600 ሊትሩ ለእነርሱ ያልበዛ መሆኑን ያሳየኛል።

አምባዛዎቹ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አምባዛ እርጥብ መሬት ላይ እየተሳበ መሄድ የሚችል ዓሣ ስለሆነ የገንዳውን ክዳን በድንጋይ አክብጄዋለሁ፤ ሁለቱንም መውጫዎች በሰፊ የፕላስቲክ ወንፊት ሸፍኛለሁ። ወንፊቱ የሰፋው በአንድ በኩል ቢደፈን በሌላው ውሃ እንዲያልፍ ነው። ሲያድጉም ይህ ገንዳ ስለማይበቃቸው ዓሣ በኩሬ ለሚያረባ የማውቀው ሰው ይሄዳሉ፤ ወደ ሐይቁ ግን አይመለሱም፤ በቤት የቆየ ዓሣ በሽታ ይዞ ሊገባ ስለሚችል።

መጋቢት፤ ትርፉ ሲቀጥን

በዚህ ወር ሙቀቱ ጨምሯል፤ የክፍሏ ውሃ ቀን 26 ዲግሪ ይደርሳል። ማሞቂያውን አውጥቼዋለሁ። በማከፋፈያው ትርፍ መመለሻ ላይ ያለው ውሃ ግን ከበፊቱ ቀጥኖ ታየኝ፤ ስለካው ከ350 ወደ 150 ሊትር ገደማ ወርዷል። አራቱን ቅርንጫፎች በባልዲ ስፈትሽ አንዳቸውም አልተለወጡም። ፓምፑን አውጥቼ ስከፍተው የአፉ ወንፊትና መዘውሩ በዝቃጭ ተሸፍነው አገኘኋቸው፤ በጥርስ ብሩሽ አጥቤ መለስሁት፤ ትርፉም ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሰ። ከፓምፑ በቀጥታ ባከፋፍል ኖሮ ይህን 200 ሊትር ጉድለት ያገኙት ዓሦቹ ነበሩ፤ ያውም ሙቀቱ ኦክስጅንን በሚያሳንስበት ወቅት። አሁን ግን ጉድለቱ በትርፉ ላይ አስቀድሞ ታየ፤ ዓሦቹ ዘንድ ሳይደርስም ታረመ።

ስለዚህ የትርፍ መመለሻውን ጫፍ ከማጠራቀሚያው በላይ በግልጽ በሚታይ ቦታ አውጥቼ፣ ዓሦቹን የሚመግብ ሰው ሁሉ በየማለዳው እንዲያየው አድርጌአለሁ። ውሃው ከጣት ውፍረት ሲያንስ ፓምፑ ይታጠባል። ሙቀቱ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ በሚያዝያ የነጭ ዓሣውን ድርሻ ከ500 ወደ 550 ሊትር ከፍ አደርገዋለሁ፤ ትርፉ ወደ 300 ይወርዳል፤ ያም ቢሆን ይበቃል። የጌት ቫልቩን አዲስ ምልክት በሌላ ቀለም አደርግበታለሁ።